በሰሌዳ ላይ ስለተለጠፈ ወረቀትና ስለ ሣራዬቮ ሌሊት

(በማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ ከባህልና ትምህርት ንዑስ ኮሚቴ የቀረበ ንግግር። በስብሰባው ለመገኘት ያልቻሉ አባላት ያነቡት ዘንድ ሙሉ ቃሉ በዚህ ሰሌዳ ላይ ወጥቷል።)



 የዛሬው ንግግራችን ስለ መዋጮ አይደለም፤ ስለ ድንኳኑ ቀዳዳም አይደለም። እሱ በገንዘብ ያዣችን ሪፖርት ላይ ይመጣል፤ ማምለጫ የለም። የእኛ ርእስ አንድ የውጭ አገር የሙዚቃ ጓድ ነው። "ምን ነካቸው?" የምትሉ እንዳላችሁ ይገባናል። እስቲ ጥቂት ታገሡን።

ነገሩ የተነሣው ከዚሁ ከማስታወቂያ ሰሌዳችን ነው። ባለፈው ወር ከሰፈራችን ልጆች ጥቂቶቹ፣ ከበሮ ወይም ጊታር የሚጫወት፣ ወይም ለመማር የሚፈልግ ወጣት ካለ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እንዲያገኛቸው የሚጠይቅ በእጅ የተጻፈ ወረቀት ለጥፈው ነበር። ወረቀቱ በማግስቱ ተነሥቶ ተገኘ። ማን እንዳነሣው አልጠየቅንም፤ አንጠይቅምም። ይሁን እንጂ ነገሩን ስንወያይበት አንድ የምናከብራቸው አባት፣ "ሰሌዳው የሐዘንና የቁም ነገር ማስታወቂያ የሚወጣበት ነው። ሰው በኑሮ ተጨንቆ፣ በየቤቱ ሐዘን ተቀምጦ ሳለ የከበሮ ጨዋታ ለማን ይጠቅማል?" ሲሉ ጠየቁ። ጥያቄው ተገቢ ነው። በችኮላ የሚመለስም አይደለም። ስለሆነም መልሱን በክርክር ከምንፈልገው፣ በእርግጥ ከተደረገ ነገር ብንፈልገው ይሻላል ብለን ይህን ታሪክ ይዘን ቀረብን። ዓመቶቹን በአውሮፓ አቆጣጠር እንጠራለን፤ በእኛ አቆጣጠር ስንጠራ "ዓ.ም." እንላለን።

ታሪኩ የሚጀምረው ከአንድ የማስታወቂያ ሰሌዳ ነው፤ የትምህርት ቤት ሰሌዳ። አገሩ አየርላንድ፣ ከተማው ደብሊን፣ ትምህርት ቤቱ ማውንት ቴምፕል ይባላል። በ1976 መጸው ላይ ላሪ ማለን የተባለ፣ ዕድሜው ገና 14 ዓመት የሆነ፣ ከበሮ ሲማር የቆየ ልጅ፣ የሙዚቃ ጓድ ለማቋቋም አብረውት የሚጫወቱ ልጆች እንደሚፈልግ ጽፎ ለጠፈ። መስከረም 15 ቀን 1969 ዓ.ም. ቅዳሜ ዕለት፣ ወረቀቱን ያነበቡ ጥቂት ልጆች በላሪ ወላጆች ቤት ተሰበሰቡ። አዳራሽ አልነበራቸውምና የተሰበሰቡት ማድ ቤት ውስጥ ነው። ከበሮው ቦታውን ሲይዘው የቀሩት ግድግዳ ተደግፈው ቆሙ።

ከመጡት መካከል ፖል ሂውሰን የተባለው፣ በኋላ ዓለም "ቦኖ" በሚል ስም ያወቀው ነበረ። ጊታር እጫወታለሁ ብሎ መጣ፤ ጊታሩ ግን እምብዛም አልሆነለትምና ዘፋኝ ሆኖ ቀረ። አዳም ክሌይተን ቤዝ ጊታር ነበረው፤ አጨዋወቱን ገና አላወቀም፤ ስለ ሙዚቃ ሲናገር ግን የሚያውቅ ይመስል ነበር ይባላል። ከሁሉም የተሻለ እጅ የነበረው ዴቪድ ኢቫንስ ነው፤ ጓደኞቹ "ኤጅ" ብለው ሰየሙት። ሌሎችም ነበሩ፤ ውለው አድረው ተለዩ። እነዚህ አራቱ ግን እንደ ተገናኙ ቀሩ።

መጀመሪያ "ፊድባክ" ተባሉ፤ ከዚያ "ሃይፕ"፤ በ1978 "ዩ-ቱ" የሚለውን ስም ያዙ። በዚያው ዓመት መጋቢት ወር ሊመሪክ በተባለች ከተማ በተደረገ የሙዚቃ ውድድር አንደኛ ወጥተው 500 ፓውንድ ተሸለሙ። እስቲ አስቡት፤ የትምህርት ቤት ልጆች ናቸው! ፖል መጊነስ የሚባል ሰው ሥራ አስኪያጅ ሆናቸው፤ በ1980 አይላንድ ከተባለው የሸክላ ኩባንያ ጋር ተፈራርመው የመጀመሪያውን ትልቅ ሸክላቸውን አወጡ።

እዚህ ላይ የአባታችንን ጥያቄ እናስታውስ። ሐዘንና ከበሮ አይገናኙም ነው ያሉት። እነዚህ ልጆች ግን ሐዘን ያላዩ ልጆች አልነበሩም። ቦኖ እናቱ በ1974 ሲሞቱ 14 ዓመቱ ነበር። ላሪም በ1978 እናቱን በመኪና አደጋ አጣ። ሁለቱን እጅግ ያቀራረባቸው ይኸው የጋራ ሐዘን እንደ ነበር ራሳቸው ሲናገሩ ኖረዋል። በመጀመሪያው ሸክላ ላይ ካሉት ዘፈኖች ጎላ ብሎ የወጣው፣ እናቱ የሞተችበት ልጅ የሚዘፍነው ዘፈን ነው። ስለዚህ ሙዚቃው የመጣው ሐዘንን ከመርሳት አልነበረም። እኛም አገር እኮ እንጉርጉሮ አለ፤ ሙሾም አለ። ሐዘን ዜማ እንደሚወልድ ለእናቶቻችን የምንነግራቸው እኛ አይደለንም።

አገራቸውም ሰላም አልነበረም። በሰሜን አየርላንድ ካቶሊክና ፕሮቴስታንት፣ የእንግሊዝ ወታደርና ታጣቂ ቡድን ይገዳደሉ ነበር። በጥር 1972 ደሪ በተባለች ከተማ በአንድ እሑድ የእንግሊዝ ወታደሮች ሰላማዊ ሰልፈኞች ላይ ተኩሰው 13 ሰዎች በዕለቱ ሞቱ፤ አንድ ቁስለኛም በኋላ ሞተ። በግንቦት 1974 ደግሞ ደብሊን ውስጥና ሞናሃን በተባለች ከተማ በፈነዱ ቦምቦች ከ30 በላይ ሰዎች አለቁ። ጓዱ በ1983 ባወጣው ሦስተኛ ትልቅ ሸክላ ላይ ስለዚያ እሑድ ዘፈነ፤ የማንንም ወገን ሳይዝ፣ ግድያው ይብቃ ብሎ። ይህን ዘፈን በልባችሁ ያዙልን፤ ኋላ እንመለስበታለን።

ቀጥሎ የሚመጣው ነገር የእኛንም ደጅ ያንኳኳል።

እንደሚታወሰው በ1977 ዓ.ም. ድርቅና ረሃብ በወሎና በትግራይ፣ በሌሎችም ክፍላተ ሀገር ስንት ወገኖቻችንን ፈጀ። ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. የእንግሊዝ ቴሌቪዥን ከኮረም ያነሣውን ፊልም ካሳየ በኋላ ዓለም ሁሉ ተንቀሳቀሰ። ሐምሌ 6 ቀን 1977 ዓ.ም. በለንደን ዌምብሌ ስታዲዮምና በአሜሪካ ፊላዴልፊያ በአንድ ቀን ታላቅ የሙዚቃ ትርዒት ለእርዳታ ተደረገ። ዩ-ቱዎችም ዌምብሌ ተጫወቱ። ለእያንዳንዱ ጓድ የተሰጠው ጊዜ አጭር ነበር፤ ሦስት ዘፈን ሊያሰሙ ተዘጋጅተው ነበር። በሁለተኛው ዘፈን መካከል ግን ቦኖ ከመድረኩ ዘሎ ወረደ፤ በግፊያ ተጨንቃ የነበረችን አንዲት ልጅ አስወጥቶ አቅፏት ደነሰ። ጓደኞቹ የት እንደ ገባ አላዩትም። ዜማውን እየደጋገሙ ጠበቁት፤ ጊዜው አለቀ፤ ሦስተኛው ዘፈን ቀረ። ያን ቀን ትልቁን ዕድላችንን አበላሸን ብለው አዝነው ነበር። ሕዝቡ ግን ከዚያ ሁሉ ዘፋኝ መካከል ያስታወሰው ያንን መውረድ ነው።

እኛን የሚነካው ከዚያ በኋላ ያለው ነው። በዚያው ዓመት መጸው ላይ ቦኖ ከባለቤቱ ከአሊ ጋር ወደ አገራችን መጣ። ወሎ፣ አጅባር ላይ በነበረው የመጠለያ ጣቢያ ለአንድ ወር ያህል አብረው ሠሩ። ጋዜጠኛ ተከትሏቸው አልመጣም። ሥራቸው ለልጆቹ ስለ ጤናና ስለ ንጽሕና የሚያስተምሩ አጫጭር ዘፈኖችንና ተውኔቶችን ማዘጋጀት ነበር። ቦኖ ደጋግሞ የሚያነሣው አንድ ነገር አለ፦ አንድ አባት ልጁን ይዞ መጥቶ፣ እዚህ ከቀረ ይሞታልና ውሰድልኝ እንዳለው። አልወሰደውም፤ ደንቡ አይፈቅድም ነበር። ያን አባት ግን ሊረሳው እንዳልቻለ ሲናገር ኖሯል።

በ1987 በወጣው ታዋቂ ሸክላቸው ላይ ስም ስለሌላቸው መንገዶች የሚናገር ዘፈን አለ። ቃላቱን መጻፍ የጀመረው አገራችን ሳለ መሆኑን ተናግሯል። ሌላም ምክንያት ሰጥቶበታል፦ ቤልፋስት ውስጥ ሰውየው የሚኖርበትን መንገድ ስም ከነገረህ ሃይማኖቱንና ገቢውን ታውቃለህ፤ ስም የሌለበት መንገድ ቢኖር ግን ሰው ሁሉ እኩል ይሆን ነበር ማለቱ ነው። እኛ የዚህ ሰፈር ሰዎች ይህን ስንሰማ ፈገግ ማለታችን አልቀረም። መንገዳችን ስም ሳይኖረው ስንት ዘመን ኖርን! "ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ፣ ከዋርካው በታች" ብለን እንግዳ ስንመራ ሃይማኖቱንም ገቢውንም የጠየቀ አልነበረም።

ያ የ1987 ሸክላ በእንግሊዝም በአሜሪካም አንደኛ ሆነ፤ ከ25 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሸጠ፤ በማግስቱ ዓመትም የዓመቱ ምርጥ ተብሎ በአሜሪካ ተሸለመ። የማድ ቤቶቹ ልጆች ስታዲዮም የሚሞላላቸው ሆኑ። ከዚያ ደግሞ ሊበተኑ ደረሱ። በ1990 ጀርመን ስትዋሐድ አዲስ ሸክላ ሊቀዱ በርሊን ሄዱ፤ እዚያ አልተስማሙም፤ እርስ በርስ ተኮራረፉ። ያስታረቃቸው ሥራው ራሱ ነው፤ አንድ ቀን ድንገት "ዋን" የተባለው ዘፈን ከእጃቸው ወጣ፤ ትርጉሙም "አንድ" ማለት ነው። ሸክላው በ1991 ወጣ፤ እነሱም በትልልቅ የቴሌቪዥን መስኮቶች ያጌጠ መድረክ ይዘው ዓለምን መዞር ጀመሩ።

አሁን ወደ ሣራዬቮ እንሂድ። ሣራዬቮ የቦስኒያ ዋና ከተማ ናት፤ ዙሪያዋን በተራራ የተከበበች። መስጊድ፣ የካቶሊክና የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን፣ ምኩራብም በአንድ ሰፈር ተጎራብተው የኖሩባት ከተማ ናት። በየካቲት 1984 የክረምት ኦሊምፒክ የተከፈተው በዚያች ከተማ በኮሼቮ ስታዲዮም ነው። ከስምንት ዓመት በኋላ፣ በሚያዝያ 1992፣ የቦስኒያ ሰርቦች ጦር ከተራሮቹ ላይ ሆኖ ከተማዋን ከበባት። ከበባው 1,425 ቀን ቆየ። ወደ አራት ዓመት ማለት ነው። መብራት ተቋረጠ፤ ውሃ ጠፋ፤ ሰው ውሃ ሊቀዳ፣ ዳቦ ሊገዛ ወጥቶ በአነጣጣሪ ተኳሽ ይሞት ነበር። በስታዲዮሙ አጠገብ የነበረው ሜዳ መቃብር ሆነ። በ2012 ከተማው ሟቾቹን ሲያስታውስ በዋናው መንገድ ላይ 11,541 ቀይ ባዶ ወንበሮችን ደረደረ፤ አንድ ወንበር ለአንድ ሟች። ከመካከላቸው ትንንሽ ወንበሮች ነበሩ። የልጆች ናቸው።

ታዲያ በዚያ ከበባ ውስጥ ሰዎቹ ምን አደረጉ? ዳቦና መድኃኒት ፈለጉ፤ በአውሮፕላን ማረፊያው ሥር ዋሻ ቆፍረው ምግብ አስገቡ። ይህ የሚጠበቅ ነው። የማይጠበቀው ሌላው ነው። ምድር ቤት ውስጥ ተሰብስበው በጄኔሬተር ሙዚቃ ይጫወቱ ነበር። ቲያትር ያሳዩ ነበር። በ1993 ጥይት እየጮኸ የቁንጅና ውድድር አደረጉ፤ ልጃገረዶቹ መድረክ ላይ ወጥተው እንዳንገደል እርዱን የሚል ትልቅ ጨርቅ ዘረጉ። ለምን? ብለን እንጠይቅ። ከተማዋን የከበቧት ሰዎች የሚፈልጉት ነዋሪዎቿ እንደ አውሬ ጉድጓድ ለጉድጓድ ሲሹለከለኩ ማየት ነበር። እነሱ ግን ሰው ነን አሉ፤ ፀጉራችንን እናበጥራለን፤ እንዘፍናለን።

በዚያው በ1993 ቢል ካርተር የተባለ፣ በሣራዬቮ እርዳታ ያከፋፍል የነበረ አንድ ወጣት አሜሪካዊ ጣሊያን ውስጥ ዩ-ቱዎችን አገኛቸው። የከተማውን ሁኔታ ነገራቸው። እነሱም ካልመጣን አሉ፤ በጊዜው ግን መግባት ራሳቸውንም ሊያዳምጣቸው የሚመጣውንም ሕዝብ ማስፈጀት ነበር። ስለዚህ ሌላ ዘዴ ተፈለገ። ቢል ካርተር በሣራዬቮ ቴሌቪዥን ጣቢያ ተቀምጦ፣ ትርዒቱ በሚካሄድባቸው ብዙ ምሽቶች የከተማውን ነዋሪዎች በሣተላይት በመድረኩ ትልቅ መስኮት ላይ ያቀርባቸው ጀመር። የአውሮፓ ወጣት ሊጨፍር መጥቶ፣ ዘፈኑ ድንገት ይቋረጥና የተከበበ ሰው ፊት ለፊቱ ያናግረዋል።

ብዙዎች አልወደዱትም። የእንግሊዝ ጋዜጦች በሰው መከራ መነገድ ነው ብለው ተቹ። ከጓዱ አባላትም ቅር ያላቸው ነበሩ፤ በጨፋሪ ሕዝብ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ እንደ መቸለስ ነበር ሲል ላሪ አስታውሶታል። በመጨረሻ ለንደን ዌምብሌ ላይ፣ ያውም ከስምንት ዓመት በፊት ለእኛ በተዘፈነበት ስታዲዮም፣ ከሣራዬቮ ሦስት ሴቶች በመስኮቱ ቀረቡ። እናንተ ትደሰታላችሁ፣ እኛ እንሞታለን፤ ለእኛ ምንም እንደማታደርጉ እናውቃለን የሚል ቃል ተናገሩ። ስታዲዮሙ ዝም አለ። ቦኖ የሚመልሰው አጣ። ከዚያ በኋላ የሣተላይቱ ነገር ቆመ።

ወገኖቻችን፤ የሴቶቹን ቃል እኛ ከማንም የበለጠ እናውቀዋለን። እኛም እኮ ዓለም በቴሌቪዥን ያየን ሕዝብ ነን። አይቶ ያለቀሰልንን እናመሰግናለን፤ እህሉም ደርሷል፤ ሕይወትም አድኗል። ነገር ግን መስኮቱ ሲዘጋ የሚሰማውን ነገር ያየ ያውቀዋል። ከዚያ በኋላ በሄድንበት አገር ሁሉ፣ ከኢትዮጵያ ነኝ ስንል በሰው ፊት ላይ የምናየው ያው የኮረም ፊልም ነበር። በለቅሶ ብቻ የሚያውቅህ ሰው፣ ሳቅህን አይቶት ስለማያውቅ ሙሉ ሰው አድርጎ ሊያይህ ይቸገራል። ሣራዬቮዎች የፈሩት መረሳትን ብቻ አልነበረም። በዚያ መስኮት እንደ ታዩ መቅረትን ነው።

ቦኖ ለሣራዬቮዎች ቃል ገብቶ ነበር፦ ጦርነቱ ሲቆም እንመጣለን፤ እናንተ ከተማ ውስጥ እንጫወታለን ብሎ። በ1995 ጓዱ ከብራያን ኢኖና ከታላቁ ጣሊያናዊ ድምፃዊ ከሉቺያኖ ፓቫሮቲ ጋር ስለዚያ የቁንጅና ውድድር አንድ ዘፈን አወጣ። በዚያው ዓመት መጨረሻ የሰላሙ ስምምነት ተፈረመ፤ ቦኖም የፈረንጆቹን አዲስ ዓመት ሣራዬቮ ገብቶ አሳለፈ። ከበባው አበቃ የተባለው በየካቲት 1996 ነው። ቃሉ ግን ገና አልተፈጸመም ነበር፤ አንድ ሰው ገብቶ መውጣቱና ጓዱ መጥቶ መጫወቱ አንድ አይደለምና።

በ1997 "ፖፕማርት" የተባለ አዲስ ጉዞ ጀመሩ። ጉዞው ሲጀመር ጥሩ አልሆነም፤ በቂ ልምምድ አላደረጉም ተብለው ተተቹ። መድረኩ እጅግ ግዙፍ ነበር፤ 50 ሜትር ገደማ ስፋት ያለው የቴሌቪዥን መስኮት፣ ትልቅ ቢጫ ቅስት፣ ከውስጡ ወጥተው ሕዝቡ ፊት የሚቆሙበት ትልቅ ተንቀሳቃሽ ሎሚም ነበረው። ኖርዌይ ውስጥ አንድ ቀን ሎሚው አልከፈት ብሎ ዘፋኞቹ ውስጡ ቀርተው ነበር። ከሎሚ ጋር መጣላት እንዲህ ያደርጋል!

ወደ ሣራዬቮ ሊሄዱ ሲነሡ ሁለት መንገድ ነበራቸው። አንዱ ጊታርና ከበሮ ብቻ ይዞ ገብቶ፣ ትንሽ ትርዒት ለእርዳታ አሳይቶ መመለስ ነው። ይህ ቀላል ነበር፤ የሚነቅፋቸውም አልነበረም። እነሱ ግን መስከረም 20 ቀን ጣሊያን ሬጆ ኤሚሊያ ላይ 150 ሺህ ለሚሆን ሕዝብ የተጫወቱበትን መድረክ እንዳለ፣ ከነመስኮቱ፣ ከነቅስቱ፣ ከነሎሚው በጭነት መኪና አስጭነው ጦርነት ባበላሸው መንገድ አስገቡት። ለሀብታሙ ከተማ ያሳየነውን ለእናንተም እናሳያለን፤ ከዚያ አናሳንስም ማለታቸው ነው። በእኛ አገር አነጋገር፣ ለባለጠጋው ጎረቤት በሬ አርዶ ለድኻው ሹሮ ማቅረብ አልፈለጉም።

ዕለቱ መስከረም 13 ቀን 1990 ዓ.ም. ማክሰኞ ነበር፤ የመስቀል በዓላችን ሊውል አራት ቀን ሲቀረው። ጦርነቱ ከጀመረ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ያሳፈረ ባቡር ወደ ሣራዬቮ ገባ፤ የሙዚቃ ታዳሚ ጭኖ። ትናንት የተዋጉ ወገኖች ልጆች፣ ከክሮኤሽያና ከስሎቬኒያም የመጡ ወጣቶች ተቀላቅለው ገቡ። ሰላም ለማስከበር የገቡ የውጭ አገር ወታደሮችም ከመካከላቸው ቆሙ። ወደ 45 ሺህ ሰው ኮሼቮን ሞላው። መቃብሩ ከስታዲዮሙ ውጭ እዚያው ነው፤ ሰው በአጠገቡ እያለፈ ነበር የሚገባው።

ትርዒቱ ሲጀመር ክፉ ነገር ደረሰ፤ ቦኖ ድምፁ ተዘጋ። አራት ዓመት የተጠበቀ ሌሊት፣ ዘፋኙም ጉሮሮው እምቢ አለው! ቢቆም ማንም አይፈርድበትም ነበር። አልቆመም። እሱ ያቃተውን ሕዝቡ ተቀበለው። ቃላቱን በከበባው ዘመን በጄኔሬተር መብራት ያጠኑት ናቸውና 45 ሺህ ሰው እሱን ተክቶ ዘፈነ። ስለ ቁንጅናው ውድድር የተዘፈነውንም አሰሙ፤ ፓቫሮቲ ስላልነበረ ድምፁ ከሸክላ ተሰማ፤ ብራያን ኢኖ ግን ራሱ መድረክ ላይ ነበር።

ከዚያ ኤጅ ብቻውን ጊታሩን ይዞ ቀረበ። በልባችሁ ያዙልን ያልናችሁን የዚያን የደም እሑድ ዘፈን፣ ያለ ከበሮ፣ በዝግታ አዜመው። ደሪ ለሞቱት የተዘፈነው ሣራዬቮ ላይ ለሌላ ሟች ሆነ። ለአንድ አገር ሐዘን በእውነት የተሠራ ዜማ ለሌላውም አገር ሐዘን እንደሚበቃ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አናውቅም።

ላሪ ማለን፣ ያ ወረቀት የለጠፈው ልጅ፣ በኋላ ስለዚያ ሌሊት ሲጠየቅ፣ 20 ዓመት በጓዱ ውስጥ የኖርኩት ያን አንድ ትርዒት ለመጫወት ብቻ ቢሆን ኖሮ እንኳ አይቆጨኝም ነበር የሚል መልስ ሰጥቷል። በ2023 ስለዚሁ ታሪክ የተሠራ ዘጋቢ ፊልም ወጥቶ የሣራዬቮ የፊልም ፌስቲቫል በእሱ ተከፍቷል። ያን ሌሊት በወጣትነታቸው የዘፈኑት ዛሬ ልጆቻቸውን ይዘው ያዩታል።

አሁን የጠያቂያችንን አባት ጥያቄ በታማኝነት እንመልስ። ከበሮው ለማን ጠቀመ? ማጋነን አንፈልግም። ሙዚቃው ጦርነቱን አላቆመም፤ ጦርነቱን ያቆመው የጦር ኃይልና የፖለቲካ ድርድር ነው። የሞተ አላስነሣም። ያ ባቡር እንኳ ከትርዒቱ በኋላ ወዲያው መደበኛ ጉዞውን አልቀጠለም፤ ሐዲዱ ተመልሶ ዝም አለ። ፖለቲከኞቹ ያልቻሉትን ዘፋኞች በሁለት ሰዓት ፈጸሙት ብለው የጻፉ ጋዜጦች ነበሩ። እኛ አንልም። በማግስቱ ሰው ሁሉ ወደየወገኑ፣ ወደ ፈረሰ ቤቱ ተመልሷል።

የጠቀመው ይህ ነው። አንደኛ፣ ትረሱናላችሁ ለተባለው ቃል መልስ ሆነ፤ ዘግይቶ መጣ እንጂ አልቀረም። ቃል የእምነት ዕዳ ነው ይባል የለ? ሁለተኛ፣ ሰዎቹን እንደ ተጎጂ ሳይሆን እንደ ታዳሚ አያቸው። ለተጎጂ እህል ይሰጠዋል፤ ግድ ነው፤ ቅድሚያም ለእሱ ነው። ታዳሚ ግን ትኬት ቆርጦ፣ ልብሱን ለብሶ፣ ይህን ዘፈን ወደድኩ፣ ያንን አልወደድኩም እያለ ይገባል። አራት ዓመት ሙሉ ማንም ምን ትወዳለህ ብሎት ለማያውቅ ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ሦስተኛ፣ አንድ ሌሊት ከአንድ ጉሮሮ እንደ ዘፈኑ የሚያስታውሱ 45 ሺህ ሰዎች አሉ፤ ይህን ትዝታ ደግሞ የሚወስድባቸው የለም።

አባታችን ሆይ፣ በአንድ ነገር ትክክል ነዎት። ሐዘን ባለበት ቀን በሰፈራችን ከበሮ አይመታም። ልጆቹም ይህን ያውቃሉ፤ ድንኳን ሲተከል ወንበር የሚሸከሙት እነሱ ናቸው እኮ። ድንኳኑ ሲፈርስስ? ከዚያ በኋላ ባለው ቅዳሜ ልጆቻችን የት ናቸው? በለቅሶ ጊዜ የምንፈልጋቸውን ልጆች በደስታቸው ቀን ካላወቅናቸው፣ እኛም በመስኮት እንደሚያይ ሰው ሆንን ማለት ነው።

ስለዚህ ንዑስ ኮሚቴያችን ሁለት ነገር ለጠቅላላ ጉባኤው ያቀርባል። የመጀመሪያው፣ ከማስታወቂያ ሰሌዳችን በስተቀኝ ዝቅ ብሎ ያለው ጥግ የወጣቶች እንዲሆን፤ እዚያ የተለጠፈም ወረቀት ቀኑ ሳያልፍ እንዳይነሣ። ሁለተኛው፣ ሐዘን በሌለበት ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አዳራሹ ለልምምድ እንዲፈቀድላቸው፤ ቁልፉንም ከኮሚቴያችን አንድ ሰው በኃላፊነት እንዲይዝ። ገንዘብ አልጠየቅንም። ስለ ድምፁ ብርታት ከጎረቤቶች ጋር እንነጋገራለን፤ ማድ ቤታችሁን የምትሰጡም ካላችሁ አንከለክልም።

ይህን የምንለው የሰፈራችን ልጆች በዓለም ስታዲዮም ይዘፍናሉ ብለን አይደለም። ይዘፍኑ ይሆናል፤ አይዘፍኑም ይሆናል። ማውንት ቴምፕል ሰሌዳ ላይ ያቺን ወረቀት አይተው ያለፉ መምህራን ነበሩ፤ የ14 ዓመት ልጅ ጽሕፈት ናት፤ የሚለጠፍ ሌላ ብዙ ቁም ነገር ነበራቸው። ማንም ግን አላነሣትም።

የልጆቹ ወረቀት ዛሬ ጠዋት እንደገና ተጽፎ ተለጥፏል። ስትወጡ አንብቡት።



የባህልና ትምህርት ንዑስ ኮሚቴ